የ2028ቱን የአሜሪካ ዕጩዎች ፐርሰንት ከትንበያ ገበያ ላይ እንዴት እናንብበው

ዘመዱ ቨርጂኒያ ወይ ሚኒሶታ ያለ የጎንደር ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ይቺ ስክሪንሾት ሳትደርሰው አትቀርም፦ የካሊፎርኒያው ኒውሰም ፎቶ፣ የትራምፕ ምክትል የቫንስ ፎቶ፣ የኒውዮርኳ የኮንግረስ አባል የኦካሲዮ ኮርቴዝ ፎቶ፣ ከጎናቸው ፐርሰንት። ከዛ ፒያሳ ቡና ላይ ክርክር ይጀመራል። አንዱ "አለቀ እኮ፣ ኒውሰም አንደኛ ነው" ይላል፣ ሌላው የሕዝብ አስተያየት ተሰብስቦ የመጣ ይመስለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ውስጥ አዋቂ ያወጣው ሚስጥር አድርጎ ያወራዋል። ሦስቱም አልገባቸውም። ያ ቁጥር ዋጋ ነው፣ ገበያ ላይ ሰዎች የሚገዙትና የሚሸጡት ዋጋ፣ እንደማንኛውም ዋጋ ደግሞ አነባበብ አለው። እኔ የምጽፍላችሁ እንድትነግዱበት ሳይሆን እንድታነቡት ነው፣ የገንዘቡን ነገር ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ለኛ ምን ያደርግልናል ለሚል፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) የወጣችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 በባይደን ጊዜ ነው፣ ዩኤስኤይድ የተዘጋው በ2025 በትራምፕ ጊዜ ነው፣ ኦክቶበር 2020 ላይ ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲያወራ ግብፅ ታፈነዳዋለች ያለውም ራሱ ትራምፕ ነው። ዲቪ የሞላ ልጅ ያለበት ቤት፣ ዘመድ የሚጦረው ቤት፣ ቱሪስት የሚጠብቅ የፋሲል ግንብ አስጎብኚ ሁሉ የዋይት ሀውስ ጉዳይ ይነካዋል። ስለዚህ ቀጥሎ ማን ይመጣል ብሎ መጠየቅ ያገባናል፣ ከጠየቅን አይቀር ግን በትክክል እናንብብ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዕጩ የሚለውን ነገር እንያዝ። እኛ አገር ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ከዛ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፣ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ ኦክቶበር 2024 የተመረጡት በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካ ግን ዕጩ መሆን ራሱን የቻለ ረጅም ምርጫ ነው። ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም በየስቴቱ የውስጥ ምርጫ ያካሂዳሉ፣ ፕራይመሪ ወይ ኮከስ ይሉታል፣ ተወዳዳሪው በየስቴቱ ዴሊጌት (ጉባኤው ላይ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ) ይሰበስባል፣ በነሱ በጋ በሚደረገው የፓርቲው ጉባኤ፣ ኮንቬንሽን በሚሉት፣ ላይ ግማሹን ያለፈ የፓርቲው ዕጩ ይሆናል። ለምሳሌ በ2024 ሪፐብሊካኖች 2,429 ዴሊጌት ነበራቸው፣ 1,215 ያገኘ አለቀ ማለት ነው። የሚቀጥለው ፕራይመሪ በ2028 መጀመሪያ ወራት ይሆናል፣ ዋናው ምርጫ ኖቬምበር 7 ቀን 2028 ነው። ስለዚህ አሁን የምታዩት ቁጥር አንድም ሰው ድምፅ ሳይሰጥበት የወጣ ቁጥር ነው፣ ይሄን ከጭንቅላታችሁ እንዳታወጡት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ቤቲንግ ቤት የገባ ሰው ኦድ ያውቃል፣ ካሸነፈ ለአንድ ብር ስንት ብር እንደሚከፈል የሚናገረው ቁጥር ነው፣ ፋሲል ከነማ ያሸንፋል የሚለው ኦድ 2.00 ከሆነ አንድን ለሁለት አካፍሉት፣ 0.50፣ ማለትም 50 ፐርሰንት ነው። ኦዱ 4.00 ከሆነ 25 ፐርሰንት፣ 10.00 ከሆነ 10 ፐርሰንት። የትንበያ ገበያ ይሄን ሒሳብ ሠርቶ ነው የሚያቀርብላችሁ። "እገሌ የዴሞክራት ዕጩ ይሆናል" የሚል ጥያቄ አለ፣ አዎ እና አይ የሚባል ሁለት ነገር ይሸጣል፣ ነገሩ ከሆነ አዎ የያዘ ሰው አንድ ዶላር ያገኛል፣ ካልሆነ ዜሮ። አዎ 25 ሳንቲም ላይ ከተሸጠ ገበያው ዕድሉን ወደ 25 ፐርሰንት ገምቶታል ማለት ነው። ከቤቲንግ ቤት የሚለየው ኦዱን የሚያወጣው ቤቱ አለመሆኑ ነው፣ ከገዢው በተቃራኒ የቆመ ሌላ ሰው አለ፣ ሁለቱ የተስማሙበት ነው ዋጋው። ደግሞ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ግዴታ አይደለም፣ ዋጋው ከተነሳ ዛሬ የገዛውን ነገ መሸጥ ይችላል። ለዛ ነው ቁጥሩ በየደቂቃው የሚንቀሳቀሰው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ ለጥናት ብሎ በትንሽ ገንዘብ ሲያስኬደው ኖሯል፣ እንግሊዝ ቤትፌር አለ፣ ፕሬዲክትኢት በ2014 መጣ፣ አሁን ስሙ የገነነው ፖሊማርኬትና ካልሺ ነው። ፖሊማርኬት በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) ነው የሚሠራው፣ በ2022 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ሳይመዘገብ ሠራ ብሎ 1.4 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ካልሺ ደግሞ እዛው አሜሪካ ፈቃድ ያለው ነው፣ በምርጫ ላይ ገበያ መክፈት የቻለው በ2024 ከተቆጣጣሪው ጋር ፍርድ ቤት ተሟግቶ ነው።

25 ፐርሰንት ማለት አንደኛ ሊያስብል ይችላል ግን 75 ፐርሰንት ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። አስር ሰው ሲወዳደር አንደኛ መሆንና ያሸንፋል ተብሎ መጠበቅ በጣም የተለያየ ነገር ነው። ሜይ 2025 ላይ የሮማው ጳጳስ ሲመረጡ ትዝ ይበላችሁ፣ ገበያው ላይ ፓሮሊን ነበሩ አንደኛ፣ ግን ከሠላሳ ፐርሰንት አካባቢ ያለፈ አልነበራቸውም፣ አሜሪካዊው ፕሬቮስት አንድ ሁለት ፐርሰንት ላይ ነበሩ፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ይሄ ገበያ ውሸት ነው ማለት አይደለም። 133 ካርዲናሎች ስልክ ተቀምተው በር ተዘግቶባቸው የሚወስኑትን ነገር ውጭ ያለ ነጋዴ ከየት ያውቀዋል? ገበያ የሚያውቀው ነጋዴዎቹ የሚያውቁትን ያህል ነው። መረጃ በሌለበት ቦታ የሚወጣ ፐርሰንት ጨለማ ውስጥ የተጣለ ግምት ነው፣ ከምርጫ ሁለት ሦስት ዓመት በፊት ያለ የዕጩ ገበያ ደግሞ ግማሽ ጨለማ ነው።

በተግባር እንየው። ገጹን ስትከፍቱ መጀመሪያ ስሙንና ፐርሰንቱን ትታችሁ የጥያቄውን ቃል በቃል አጻጻፍ አንብቡ። "የዴሞክራት ዕጩ ይሆናል"፣ "ፕሬዚዳንት ይሆናል"፣ "ለመወዳደር ያሳውቃል" ሦስቱ የተለያዩ ገበያዎች ናቸው፣ ስክሪንሾት ላይ ግን የላይኛው መስመር ተቆርጦ ስለሚላክ ሰው ያደባልቃቸዋል። ከሥር ደግሞ ደንቡ አለ፣ በምን ማስረጃ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ወሰነ ተብሎ እንደሚዘጋ የሚናገረው። ደንቡን ሳያነቡ የገቡ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው በ2025 ታይቷል፣ የዩክሬኑ ዜለንስኪ ከጁላይ በፊት ሱፍ ይለብሳል ወይ የሚል ገበያ ነበር፣ ሰውዬው ጁን ላይ ለኔቶ ስብሰባ ኮትና ሱሪ የሚመስል ነገር ለብሶ መጣ፣ ሱፍ ነው አይደለም ተብሎ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተዘዋወረበት ገበያ ጭቅጭቅ ውስጥ ገባ፣ በመጨረሻ አይ ተብሎ ተዘጋ። ዕጩ የሚለውም እንዲሁ ነው። ባይደን በ2024 ፕራይመሪውን አሸንፎ ዴሊጌቱን ሰብስቦ ጨርሶ ነበር፣ ጁን 27 ክርክሩ ላይ ተንኮታኮተ፣ ጁላይ 21 ራሱን አገለለ፣ ዕጩ የሆነችው ካማላ ሃሪስ ናት። ደንቡ "ፕራይመሪ ያሸነፈ" ቢል አንድ መልስ፣ "በፓርቲው በይፋ የተሰየመ" ቢል ሌላ መልስ ነው።

ቀጥሎ መግዣና መሸጫውን እዩ። ለምሳሌ ስሙ ብዙም ያልተጠራ አንድ የስቴት አስተዳዳሪ አለ እንበልና ከስሙ ጎን 6 ፐርሰንት ይላል። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ትዕዛዞቹን ስታዩ ከፍተኛው ገዢ 4 ሳንቲም ነው የሚሰጠው፣ ዝቅተኛው ሻጭ 8 ሳንቲም ነው የሚጠይቀው፣ 6 የሚለው የሁለቱ መሀል ነው፣ በ6 የገዛም የሸጠም ሰው ላይኖር ይችላል። ፖሊማርኬት የሚያሳየው ይሄንኑ መሀሉን ነው፣ ልዩነቱ ከ10 ሳንቲም ሲበልጥ ደግሞ መጨረሻ የተሸጠበትን ያሳያል፣ እሱ ትናንት ይሁን ከትናንት ወዲያ አይታወቅም። ስለዚህ ልዩነቱ አንድ ሳንቲም የሆነ 25 ፐርሰንትና ልዩነቱ አራት ሳንቲም የሆነ 6 ፐርሰንት እኩል እምነት አይጣልባቸውም። ቮልዩም (በጠቅላላ የተዘዋወረው ገንዘብ) የሚለው ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ ደግሞ አትደነቁ፣ አንድ ሰው ከራሱ ጋር እየገዛ እየሸጠ ሊያሳድገው ይችላል፣ የሚጠቅመው አሁን በዚህ ሰዓት ዋጋውን ሳያናጋ ስንት ዶላር መግዛት ይቻላል የሚለው ነው።

ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ወደ ታች ስትወርዱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ሌብሮን ጄምስን ሳይቀር አንድ ፐርሰንት ምናምን ተሰጥቶት ታገኙታላችሁ። ማንም ዕጩ ይሆናል ብሎ አምኖ አይደለም። አስቡት፣ አይሆንም ብሎ መወራረድ የፈለገ ሰው አይ የሚለውን 99 ሳንቲም መግዛት አለበት፣ ገንዘቡ እስከ 2028 ታስሮ ትርፉ አንድ ሳንቲም ናት፣ ያንን ባንክ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል። ስለዚህ ዋጋውን ወደ ዜሮ የሚገፋ ሰው ይጠፋል። ፖሊማርኬት ለአንዳንድ ረጅም ገበያዎች በዓመት 4 ፐርሰንት እየከፈለ ይሄን ለማቃለል ሞክሯል፣ ችግሩ ግን አልጠፋም። እኔ ከ3 ፐርሰንት በታች ያለ ስም ሁሉ "ትንሽ" ብዬ ነው የማልፈው፣ አንዱ 2 ሌላው 1 ነው ብሎ እጥፍ ነው ማለት ትርጉም የለውም።

በዚሁ ምክንያት የሁሉንም ተወዳዳሪዎች አዎ ስትደምሩት ከ100 ያልፋል። ድምሩ 110 ከመጣ፣ 33 የሚለውን ለ110 አካፍሉት፣ 30 ይሆናል፣ እሱን ያዙ። ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ነገር ነው፣ ግን እስካሁን ሲያደርገው ያየሁት ሰው በጣም ጥቂት ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ልውሰዳችሁ፣ ማካፈል። አንድ ሰው ዕጩ ይሆናል የሚለው 30 ሳንቲም ነው እንበል፣ ፕሬዚዳንት ይሆናል የሚለው ደግሞ 18። 18ን ለ30 አካፍሉ፣ 0.60 ይመጣል። ገበያው እያለ ያለው ይሄ ሰው ዕጩ ከሆነ 60 ፐርሰንት ያሸንፋል ነው። ሌላ ሰው ዕጩ ይሆናል 10፣ ፕሬዚዳንት ይሆናል 4 ቢሆን፣ ዕጩ ከሆነ 40 ፐርሰንት ብቻ ነው። ፓርቲው ውስጥ ተወዳጅ የሆነውና አገር ምድሩን የሚያሸንፈው የሚለዩት እዚህ ጋ ነው፣ ቡና ላይ "እሷ ጠንካራ ናት፣ እሱ ደካማ ነው" እየተባባልን ሰዓት የምንፈጅበትን ክርክር ሁለት ቁጥር አካፍላችሁ ወደ ቁም ነገር ትቀይሩታላችሁ። ግን ሁለት ነገር ያዙልኝ። ዋጋዎቹ ትንንሽ ሲሆኑ፣ 2 እና 1 ሲሆኑ፣ አንድ ሳንቲም ብቻ መልሱን ከ50 ወደ 100 ስለሚወስደው አትሞክሩት። ሁለተኛ፣ ዕጩ ከሆነ ያሸንፋል ማለት ፓርቲው ዛሬ ቢመርጠው ያሸንፋል ማለት አይደለም፣ ያ ሰው ዕጩ የሚሆንበት ዓለም ኢኮኖሚውም ተቃዋሚውም ሌላ የሆነበት ዓለም ሊሆን ይችላል።

ስሞቹን በተመለከተ፣ ገበያውን ከማየታችሁ በፊት በሕጉ አጣሩ። ሕገ መንግሥታቸው 35 ዓመት የሞላው፣ በትውልድ አሜሪካዊ የሆነ፣ 14 ዓመት እዛ የኖረ ይላል። ኢለን መስክ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ነው በኋላ ዜግነት ያገኘው፣ ስለዚህ ምን ያህል ሀብታም ቢሆን አይችልም። ትራምፕስ? በ1951 የጸደቀው 22ኛው ማሻሻያ ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ለፕሬዚዳንትነት አይመረጥም ይላል፣ እሱ በ2016ም በ2024ም ተመርጧል። ሆኖም ገበያው ላይ ዜሮ አይደለም፣ ምክንያቱ አንዱ ከላይ ያልኩት የታሰረ ገንዘብ ነው። ኦካሲዮ ኮርቴዝ ኦክቶበር 1989 ነው የተወለደችው፣ በ2028 ምርጫ 39 ዓመቷ ነው፣ ዕድሜ አያግዳትም።

ከዛ ሥልጣናቸውን እዩ። ጄዲ ቫንስ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ኒክሰን በ1960፣ ሃምፍሪ በ1968፣ ትልቁ ቡሽ በ1988፣ አል ጎር በ2000፣ ሃሪስ በ2024 ምክትል ሆነው ነው የፓርቲያቸው ዕጩ የሆኑት፣ ከአምስቱ ግን በዛው ምርጫ ያሸነፈው ቡሽ ብቻ ነው። ዕጩ የመሆንና የማሸነፍ ልዩነት ከዚህ በላይ አይገለጽም። የትራምፕ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ ደግሞ ቫንስ ከተወዳደረ እደግፈዋለሁ ብሏል፣ ስለዚህ የሩቢዮ ዋጋ ሲነሳ ስታዩ "ቫንስ ምን ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዴሞክራት ወገን ኒውሰም የካሊፎርኒያ ገዢነቱ ጃንዋሪ 2027 ያበቃል፣ የፔንሲልቬንያው ገዢ ሻፒሮ አለ፣ የኢሊኖዩ ገዢ ፕሪትዝከር አለ፣ ቡቲጀጅ በ2020 ተወዳድሮ አዮዋ ላይ ጉድ ያሰኘ ልጅ ነው፣ ሃሪስም አለች። እዛ በኩል ሜዳው የተበተነ ስለሆነ ማንም ከፍ ያለ ቁጥር መያዝ ይከብደዋል።

ቀድሞ ገበያው ላይ ሲመሩ የነበሩት ምን እንደደረሱ ማወቅ ከሁሉም በላይ ያስተምራል። ሃሪስ በ2019 ጁን ክርክር ላይ ባይደንን ስትይዘው ገበያው አንደኛ አድርጓት ነበር፣ ዲሴምበር ላይ አንድም ፕራይመሪ ሳይካሄድ ወጣች። ራሱ ባይደን ፌብሩዋሪ 2020 አዮዋ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ወጥቶ ገበያው ከሳንደርስና ከብሉምበርግ በታች ጥሎት ነበር፣ ፌብሩዋሪ 29 ሳውዝ ካሮላይናን አሸነፈ፣ ማርች 3 ብዙ ስቴት በአንድ ቀን ወሰደ፣ በሳምንት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ኖቬምበር 2022 ሪፐብሊካኑ ደሳንቲስ የፍሎሪዳ ገዢነትን በሰፊው ሲያሸንፍ ገበያው ላይ ከትራምፕ በልጦ ነበር፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 አዮዋ ላይ ተሸንፎ አቆመ። ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የቲም ዋልዝን ታስታውሳላችሁ፣ ገበያው የሃሪስ ምክትል ሻፒሮ ነው ብሎ ሲያወራ ኦገስት 6 ቀን 2024 የተጠራው የራሳቸው ገዢ ዋልዝ ነው። በአንጻሩ የ2024ን ዋና ምርጫ ፖሊማርኬት ዋዜማው ላይ ትራምፕን ወደ 60 ፐርሰንት አድርጎት ነበር፣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎቹ እኩል ናቸው ሲሉ። 2016 ላይ ግን ገበያዎቹ ክሊንተንን 80 ፐርሰንት ምናምን ሰጥተው ነበር። ስለዚህ እኔ የምከተለው ሕግ ቀላል ነው፣ ምርጫው በቀናት ሲቀር ቁጥሩን በደንብ አከብረዋለሁ፣ በዓመታት ሲቀር ስሞቹን ለማወቅ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

የሕዝብ አስተያየትና የገበያ ፐርሰንትም አይምታታባችሁ። አንድ ሰው ፖል ላይ 25 ፐርሰንት አገኘ ማለት ከመቶ ሃያ አምስቱ እሱን እመርጣለሁ አሉ ነው፣ ገበያ ላይ 25 ማለት ግን የማሸነፍ ዕድሉ ነው። ፖል ላይ 55 ያለው ሰው ገበያ ላይ 90 ሊሆን ይችላል፣ አይጋጭም።

ቁጥሩ በድንገት ሲዘል ምን እናድርግ? መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። የአሜሪካ የማታ ክርክር ብዙ ጊዜ በነሱ ምሽት ሦስት ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ እሱ በነሱ በጋ እኛ ጋ ሌሊት 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 11 ሰዓት ነው። ጠዋት ስትነሱ የምታዩት ቁጥር ክርክሩ ገና ትኩስ እያለ፣ ግማሹ ነጋዴ ተኝቶ የተሠራ ነው፣ ማታ ድረስ ታገሡና እንደገና እዩት። ሁለተኛ፣ የገዛው ማን ነው? በ2024 አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ በብዙ አካውንት ትራምፕ ላይ እየገዛ ዋጋውን ወደ ላይ ይዞት ሄዶ ነበር፣ ሰው ሁሉ ገበያውን ሊያጭበረብር ነው ሲል ሰውዬው የራሱን ፖል አስደርጎ፣ ማንን ትመርጣለህ ሳይሆን ጎረቤትህ ማንን ይመርጣል ብሎ አስጠይቆ ኖሯል፣ ወደ 85 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ። እሱ ልክ ሆነ፣ ግን አንድ ሰው ዋጋ ማንቀሳቀስ እንደሚችል አሳይቷል፣ የሚቀጥለው ልክ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ሚስጥር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ኦክቶበር 2025 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሊነገር ሰዓታት ሲቀሩት የቬኔዝዌላዋ ማቻዶ ከ4 ፐርሰንት አካባቢ ተነስታ ከ70 በላይ ገባች፣ ጠዋት አሸናፊዋ እሷ ሆነች፣ የኖቤል ሰዎች ማን አወጣው ብለው ምርመራ ጀመሩ። ዝላይ ስታዩ ከጀርባው ዜና ፈልጉ፣ ዜና ከሌለ ሁለት ገበያ አወዳድሩ፣ ፖሊማርኬት ላይ ዘሎ ካልሺ ላይ ካልተነቃነቀ አንድ ሀብታም ነው ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ።

ቴሌግራም ላይ የመጣን ስክሪንሾት ለማንም ከመላካችሁ በፊት ቀኑን ፈልጉ። ቀን የሌለው ስክሪንሾት አትላኩ። የስድስት ወር ምስል ዛሬ የወጣ ተደርጎ ይሰራጫል፣ ሰው ይጣላበታል፣ አረጋዊ አባት ሳይቀሩ "የኔ ልጅ፣ እንዲህ ሆነ አሉ እኮ" ብለው ይጠይቃሉ፣ ማንም ግን ገጹን ከፍቶ አላየውም። ግራፉን ክፈቱና የአንድ ወሩን እዩ፣ የአንድ ቀኑን አይደለም።

ገንዘቡ ጋ ደረስን። አታስገቡ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው፣ እዚህ ከተማ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ የሚውለውን ወጣት የማያውቅ የለም፣ የወር ደመወዙን ቅዳሜ ከሰዓት የሚጨርስ አለ፣ አሁን ደግሞ ፖለቲካ አውቃለሁ የሚል ልጅ ሁሉ በዶላር ሊሞክረው ያምረዋል። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል፣ ፖሊማርኬት ደግሞ በክሪፕቶ ነው የሚሠራው። "ብር ላክልኝ፣ እኔ በዶላር አስገባልሃለሁ" የሚል የቴሌግራም ሰው ብሩን ቢበላችሁ የት ትከሱታላችሁ? ሕገ ወጥ ነገር ላይ የተበላ ብር አስመልሱልኝ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ራሱ ጣጣ ነው። ሌላው ደግሞ ተቃራኒያችሁ የቆመው ማን እንደሆነ አስቡ፣ ፖል በራሱ ወጪ የሚያስደርግ ሰው ነው። አዘዞ ተቀምጦ በሚቆራረጥ ኔትወርክ እሱን መቅደም አይቻልም።

ገንዘብ ሳይኖርበት መለማመድ ግን ይቻላል፣ ለኔ እንደውም ይሄኛው የበለጠ ደስ ይላል። ማኒፎልድ የሚባል አለ፣ በጨዋታ ገንዘብ ነው የሚሠራው፣ ሜታኩለስ ደግሞ ገንዘብ የሚባል ነገር የለውም፣ ግምታችሁን በፐርሰንት ታስቀምጣላችሁ፣ ይመዘግብላችኋል። ኔትወርክ ካስቸገራችሁ ደብተር ይበቃል። ሦስት አራት ሆናችሁ ጥያቄ ጻፉ፣ ጥያቄው ቀን ያለው ይሁን፣ ለምሳሌ "እስከ ጁላይ 31 ቀን 2027 ኒውሰም ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደር በይፋ ያሳውቃል?" የሚል። ምን ቢሆን አዎ እንደሚባል ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ወሬ ይበቃል ወይስ በራሱ አፍ መናገር አለበት? ይሄን ካልጻፋችሁ የዜለንስኪ ሱፍ እናንተ ላይም ይመጣል። ከዛ እያንዳንዱ ሰው ገበያውን ሳያይ የራሱን ፐርሰንት ይጻፍ፣ ቀጥሎ የገበያውን ቁጥር በቀኑ አጠገቡ አስቀምጡ።

ቀኑ ሲደርስ ነጥቡን በብራየር ስኮር አስሉት። ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ብላችሁ ያዙ፣ ከግምታችሁ ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ አባዙት። 70 ፐርሰንት ብላችሁ ነገሩ ከሆነ ልዩነቱ 0.30 ነው፣ በራሱ ሲባዛ 0.09። ካልሆነ ልዩነቱ 0.70 ነው፣ 0.49። ትንሽ ነጥብ ያለው ይበልጣል፣ ሁልጊዜ 50 ፐርሰንት የሚል ሰው 0.25 ያገኛል፣ ከዛ በላይ ያመጣ ሰው ዝም ቢል ይሻለው ነበር ማለት ነው። 95 እና 99 ማለት የሚወድ ጓደኛ አንዴ ሲስት 0.90 ምናምን ይቆጠርበታል፣ በዛው ጠባዩን ያስተካክላል። አንድ ሁለት ጥያቄ ምንም አያሳይም፣ ሃያ ሠላሳ ሲሞላ የየሰዉን አማካይ አውጡ፣ የገበያውንም አማካይ እንደ አንድ ተጫዋች አውጡለት። ገበያው ከሁላችሁም ያነሰ ነጥብ ካመጣ በሚቀጥለው ዙር የሱን ቁጥር መነሻ አድርጋችሁ፣ ከሱ የምትለዩበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጽፋችሁ ጀምሩ።